የቀጭኔዋ አንገት

በፋሲሎ ክፍለ ከተማ፣ በመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ አሥራ አንድ የፕላስቲክ እንስሳት ተደርድረው ነበር። ጅቡ ግራ ጆሮ የለውም። የጉማሬው ቀለም ጀርባው ላይ ተልጧል። ቀጭኔዋ ግን እንከን አልነበረባትም፤ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ከሁሉም በላይ ትታያለች። እንስሳቱን ከቅዳሜ ገበያ አንድ በአንድ ገዝታ ለልጇ ለሰብለ ወንጌል የሰጠቻት እናቷ አደይ ናት፤ የመጨረሻዋ ስጦታ ቀጭኔዋ ነበረች።

አደይ ካረፈች ወዲህ መሪጌታ ከማኅሌት ሲመለሱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ቤቱን የምታጸዳው ሰብለ ወንጌል ነች። ሳምንቱን በምትሠራበት ኮሌጅ ቤተ ሙከራ የሐይቅ ውኃ ስትመረምር ከርማ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ያን ቅዳሜ አባቷ በር ላይ ቆመው ጠበቋት።

«ልጄ፣ ጥፋት አጠፋሁ» አሉ።

ደስ ይላታል ብለው እንስሳቱን በሳሙና አጥበው ጓሮ፣ ቆርቆሮ ላይ አስጥተዋቸው ነበር። የመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮውን አጋለውና የቀጭኔዋ አንገት ለስልሶ ጎበጠ። ያም ባልከፋ። መሪጌታ የጎበጠ ጧፍ እንደሚያቀኑት አንገቷን በሁለት መዳፋቸው መካከል አሽከረከሩት። ጧፍ ሲሞቅ በዚህ ይቃናል። ቀጭኔዋ ግን ተጠማዘዘችና ፊቷ ወደ ጭራዋ ዞረ።

«ምን እያየች ነው?» አለች ሰብለ ወንጌል ሳቋ አምልጧት።

«የመጣችበትን» አሉ መሪጌታ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «እናትሽ የሰጠችሽን አበላሸሁት። ከእንግዲህ ዕቃሽን በእጄ አልነካም።»

ያስደነገጣት ይህ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ አባቷ ከወንበራቸው ተነሥተው በቤቱ አንድ ነገር ሲሠሩ የመጀመሪያቸው ነው። ቀጭኔዋ ብትበላሽ ታዝናለች፤ እሳቸው ወደዚያ ወንበር ቢመለሱ ግን ምን ታደርጋለች?

«ትቃናለች» አለች። «ብቻዬን ግን አልችልም፤ እርስዎ ይይዙልኛል።»

ውኃ ጣደች። የሥራ ቴርሞሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ድስቱ ውስጥ ነከረች፤ ሰባ ዲግሪ ሲደርስ ምድጃውን አጠፋች። አስቀድሞ ግን ሌላ እንስሳ መሞከር ነበረባት።

«ጅቡ ይግባ» አሉ መሪጌታ። «ጅብ ቢቀቀል ማን ያለቅስለታል!»

ጅቡ ቀለሙን ሳይለቅ ለስለስ ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀጭኔዋ ገባች። መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩ። ማንም ሳይነካው አንገቷ ቀስ እያለ ይፈታ ጀመር፤ ፊቷ ከጭራዋ ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ፊት መጣ።

«እሰይ! ማን አዞራት?»

«ከፋብሪካ ስትወጣ የያዘችውን ቅርጽ አትረሳውም፣ አባባ። ሲሞቃት ይመለስላታል።»

«እንደ ድጓ ተማሪ በያት! ዜማውን ሃያ ዓመት ቢዘነጋውም፣ አንድ ሰው ሲጀምርለት ይመጣለታል።»

አንገቷ ጥቂት እንደጎበጠ ቀረ። ሰብለ ወንጌል በጭልፋ ስታወጣት መሪጌታ እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ።

«አንቺው ያዣት።»

«እጄ ሙሉ ነው። ቶሎ ይበሉ፣ ልትደርቅ ነው!»

ተቀበሏት። «ላሽከርክራት?»

«ኧረ በመድኃኔ ዓለም፣ አያሽከርክሯት! ቀጥ አድርገው ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ይያዙልኝ ብቻ።»

በሁለት እጃቸው ያዟት። ይበቃል እስክትላቸው ድረስ አልተነቃነቁም።

«ቀናች? እውነቱን ንገሪኝ፤ አታባብይኝ።»

ሰብለ ወንጌል መደርደሪያው ላይ አቁማት፣ ማዕዘን መለኪያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ አስጠግታ አየች። «ጥቂት ታዘነብላለች» አለች።

መሪጌታ ቀጭኔዋን ከፊትም ከጎንም አዩዋት። «ጥፋቱ የቆርቆሮው ነው» አሉ በመጨረሻ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ ወንበሩ ባዶ ነበር። ጓሮ፣ በማንጎው ዛፍ ጥላ ሥር፣ አሥሩ እንስሳት ታጥበው ውኃቸው እየተንጠባጠበ ቆመዋል፤ አባቷ እጀታቸውን ሰብስበው የጉማሬውን ሆድ ይፈትጋሉ። ቀጭኔዋን አንሥታ ለካቻት፤ አንገቷ እንዳለፈው ቅዳሜ ወደ ቀኝ ሦስት ዲግሪ አዘንብሏል።