ከቁም ሳጥን የሚሳብ ጠረጴዛ

አናጺው ሚስቱን ከቀበረ በአራተኛው ወር ሴት ልጁ ቤት ገባ። የገባው ለሁለት ሳምንት ተብሎ ነበር። ሁለቱ ሳምንት ካለፈ ቆይቷል፤ ቀኑን የሚቆጥር ግን አልነበረም።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍሏል። ከመጋረጃው ጀርባ ልጁና ባሏ ይተኛሉ። ከፊት ባለው በአንደኛው ግድግዳ ትልቅ ቁም ሳጥን ቆሟል፤ በሌላኛው የአናጺው አልጋ አለ፤ በመካከል አንድ ሰው ወዲያ ወዲህ የሚልበት ቦታ ቀርቷል። አልጋው የብረት ነው። ከሥሩ ሻንጣና የጨርቅ ጥቅል እንዲገባ ተብሎ እግሮቹ በጡብ ከፍ ተደርገዋል። አልጋው ያለበት ቦታ ላይ ድሮ የልጁ መቁረጫ ጠረጴዛ ነበር። አባቷ ሲመጣ ጠረጴዛውን ለጎረቤት ሰጠችው። አሁን ድስት ይቀመጥበታል።

ልጁ ልብስ ቆራጭ ናት። የሚሰፉት ሌሎች ናቸው፤ እሷ ጨርቁን በልክ ትቆርጣለች፤ የተማሪ ሸሚዝ፣ የነርስ ጋዋን፣ የፋብሪካ ቱታ። ሙያውን ያወረሰቻት እናቷ ናት። ጠረጴዛዋ ከሄደ ወዲህ ጨርቁን ወለል ላይ ዘርግታ በጉልበቷ እየዳኸች መቁረጥ ጀመረች።

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ቀልድ ይወዳል፤ ከሥራ ሲመለስ በዕቃው መካከል እየተሽሎከለከ «ከኋላ ያላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ይሳቅ ነበር። አሁን እሱም የሚለው ለልማድ ያህል ነው።

አናጺው ስለ ራሱ ብዙ አያስብም። ምግብ ሲሰጡት ይበላል። ጨው አንሶታል ወይ ሲሉት «እንጃ» ይላል። ቀብር ላይ አላለቀሰም፤ ከዚያም ወዲህ አላለቀሰም። ዘመድ አዝማዱ «በሆዱ ይዞት ነው» አለ። እሱ ግን ሆዱን ፈትሾ ምንም አላገኘበትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተኝቷል ብለው ከመጋረጃው ጀርባ ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ሰማ። የልጁ አሠሪ አንድ ጥቅል ሥራ መልሳባት ነበር፤ ወለል ላይ የተቆረጠው ጠምሞ። ይቺን አሠሪ ሹፌሩ «ውሃ ልክ» የሚል ስም አውጥቶላታል፤ ጠማማ ነገር ከሩቅ ስለሚታያት። ሴትየዋ ዳግመኛ የሚመለስ ከሆነ ሥራውን ለሌላ ቆራጭ እሰጣለሁ ማለቷን ልጁ ተናገረች። ሹፌሩ ዝግ ባለ ድምፅ የወንድሟን ነገር አነሳ። ወንድሟ ያለው ሩቅ ከተማ ነው። ጓሮው ውስጥ ባዶ ክፍል አለው፤ አባቴን ላኩልኝ እያለ ደጋግሞ ደውሏል። አባትየው ወደዚያ ቢሄድ አልጋው ይነሳል፣ ጠረጴዛው ይመለሳል፣ ሥራዋም ይድናል።

«ቅዳሜ ወደዚያ የሚነዳው ጓደኛዬ ነው። የፊቱን ወንበር አስይዝላቸዋለሁ» አለ ሹፌሩ።

«እዚያ ማን ያነጋግረዋል?» አለች ልጁ። «ወንድሜ ጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ግድግዳ ሲያይ ውሎ ግድግዳ ሲያይ ያድራል።»

«እዚህስ ምን እያዩ ነው?»



አናጺው ግድግዳውን እያየ ነበር። ዞር አለና ቁም ሳጥኑን ማየት ጀመረ። መሄድ አላስፈራውም፤ መቅረትም አላጓጓውም። ነገር ግን ልጁ «ማን ያነጋግረዋል» ስትል ድምጿ መሰበሩን ልብ ብሎ ነበር። እሱን የማይሰማው ነገር እሷን እንደሚሰማት ገባው። እንግዲህ ለእሷ ሲባል መቅረት አለበት፤ ለመቅረት ደግሞ ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ ለጠረጴዛ ቦታ የለም።

በማግስቱ የቁም ሳጥኑን በር ከፍቶ ረጅም ጊዜ ቆመ። ቁም ሳጥኑን ልጁን ሲድር የሠራላት እሱ ራሱ ነው። ከላይ ልብስ ይሰቀልበታል፤ ከመሃል የሹፌሩ መሳቢያ አለ፤ ከዚያ በታች ብርድ ልብስ ይቀመጣል። ከመሳቢያው ሥር ሁለት ሰፋፊ የኮምፔንሳቶ ገበታዎች በማጠፊያ ተያይዘው እንደ መጽሐፍ ተዘግተው ሊገቡ ይችላሉ። ሲሳቡ ይወጣሉ፤ ሲገለጡ ስፋታቸው እጥፍ ይሆናል፤ ከመሃላቸው ታጣፊ እግር ይወርዳል። ጫፋቸው አልጋው ላይ ይደርሳል፤ ቀን ቀን ደግሞ አልጋው አያስፈልግም። ማታ ተመልሶ ይገባል።

ጠረጴዛ ልሠራ ነው አላቸው። ሹፌሩ የት ሊያቆሙት ነው፣ ጣራው ላይ ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው ሲል ሹፌሩ ሚስቱን አየ፤ እሷም አየችው። ለቅዳሜ ያሰበውን የአውቶቡስ ወንበር ሹፌሩ በአንድ ሳምንት ገፋው።

አናጺው የራሱ አሠራር ነበረው። ለሰው የሚሠራውን ጠረጴዛ ቁመት በሜትር አይለካም። የሚሠራለትን ሰው ባዶ እግሩን ያቆመዋል፤ ክርኑን ያሳጥፈዋል፤ ከክርኑ አንድ ጭብጥ ዝቅ ብሎ በዱላ ላይ ምልክት ያደርጋል። «ሜትር ለእንጨት፣ ዱላ ለሰው» ይል ነበር። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ የሚቆርጥ ሰው ነው። ለገዛ ቤቱ ሲሠራ ግን ዱላ ይዞ አያውቅም። በአርባ ዓመት ውስጥ ለሚስቱ አራት የመቁረጫ ጠረጴዛ ሠርቶላታል፤ አራቱንም የለካው ከራሱ ሰውነት ነው። የእሷ ልክ ከቀበቶው ዘለበት ላይ ነበር።

አሁንም ቁም ሳጥኑን ተጠግቶ ቆመ። እጁን ዘለበቱ ላይ አሳረፈ፤ በዚያው ትክክል በእርሳስ መስመር አሰመረ። አልተጠራጠረም።

ሦስት ቀን ሠራ። ገበታው የሚንሸራተትበትን ሐዲድ ከጠንካራ እንጨት ላገው፤ እንዳይነክስ በሳሙና አሸው። ማጠፊያዎቹ የገበታውን ፊት እንዳያጎድፉ ብሎኖቹን ወደ ውስጥ ቀበራቸው። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ልጁን ጠርቶ ሳቢው አላት። ሳበችው። ድምፅ ሳያሰማ ወጣ፤ ገለጠችው፤ እግሩ ወርዶ ቆመ። ሁለት መዳፏን ገበታው ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ «እጅህ ይባረክ፣ አባዬ» አለች።

ሹፌሩ ሲመጣ እየሳበ መለሰ፣ እየመለሰ ሳበ። አባባ እኔንም አጥፈው የሚያስገቡበት ይሥሩልኝ አለ። ያን ቀን ተሳቀ።

ከዚያ ወዲያ አናጺው በጠዋት ይነሳል፤ ልጁ ገበታውን ትስባለች፤ እሱ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። በገበታውና በፍራሹ መካከል ያለው ክፍተት ስንዝር አይሞላም፤ አልጋው ላይ ጋደም ማለት አይቻልም። ከበርጩማው ሆኖ ያያል። ማየት አልተወውም። በመጀመሪያው ቀን የልጁ መቀስ ጥሩ ሄደ። በሁለተኛው ቀን አንድ እግሯን ጡብ ላይ ስታቆም አየ፤ ቆየት ብላ ሌላውን። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ ብላ ነበር የምትቆርጠው። አመሻሹ ላይ የበሩን መቃን ተደግፋ ወገቧን በጡጫ መታችው። ያምሻል ወይ አላት። ወለሉ ያመጣብኝ ነው፣ ይለቀኛል አለችው። እሺ አለ።

ሐሙስ ከሰዓት አሠሪዋ መጣች። አጭር፣ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ትሰቅለዋለች፤ ጨርቅ የምታየው ግን በጣቷ ነው። የተቆረጡትን እጅጌዎች ደርድራ ጫፍ ጫፋቸውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከአርባው ስድስቱን ለየች።

«እነዚህን ከሰዓት ነው የቆረጥሻቸው» አለች። «የጠዋቶቹ ደህና ናቸው። እነዚህ ወገብ የደከመው ሰው አቆራረጥ ናቸው።»

ሴትየዋ ወደ ገበታው ዞረች። ሳበችው፤ መለሰችው። ሥራውስ ሥራ ነው አለች። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቆማ ክርኖቿን አጠፍ አድርጋ እጇን አሳረፈችበት።

«ለእኔ ልክክ ብሏል። ለማን ቁመት ነው የሠሩት፣ አባቴ?»

«ለልጄ» አለ አናጺው።

ሴትየዋ ልጁን ከእግሯ እስከ ራሷ አየቻት። «ይቺ እኮ የስልክ እንጨት ናት።»

ማንም አልሳቀም። ስድስቱ እስከ ሰኞ እንዲተኩ፣ ከነሱም ጋር ሌላ አርባ እንዲቆረጥ አዘዘች። ሰኞ ጠማማ ካገኘች ግን ከዚያ በኋላ እንደማትመጣ፣ ስለ ዝናብ እንደምታወራ ያህል ተናግራ ወጣች።

አናጺው ከበርጩማው ተነስቶ ወደ ገበታው ሄደ። ተጠግቶ ቆመ። የገበታው ጠርዝ ቀበቶው ዘለበት ላይ አረፈ።

«የእናትሽ ልክ ነው» አለ።

«አውቄያለሁ።»

«መቼ?»

«መጀመሪያ የሳብኩት ቀን። ልጅ ሆኜ እሷ ስትቆርጥ አገጬን የማሳርፍበት ቁመት ነው። እሱን አልስተውም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ልጁ ስድስቱን እጅጌዎች አንድ በአንድ አጠፈች።

«ስትሠራው ታፏጭ ነበር» አለች።

አናጺው ማፏጨቱን አያስታውስም። ምን እንዳፏጨ ሊጠይቃት ፈለገና ተወው። ገበታውን አጥፎ መለሰው።

ለልጁ ልክ እንዲሆን ገበታው ወደ ላይ መሄድ ነበረበት። ወደ ላይ እንዳይሄድ ደግሞ የሹፌሩ መሳቢያ ተደቅኗል። ወይ መሳቢያው ወይ አናጺው መውጣት ግድ ነው። ሹፌሩ ከሥራ ሲገባ ልጁ ነገሩን ነገረችው፤ የሴትየዋንም፣ የቁመቱንም፣ የእናቷንም። አናጺው በርጩማው ላይ ሆኖ ይሰማል። ወንበሩ ለቅዳሜ ተይዟል፤ ነገ ዓርብ ነው። ሹፌሩ ደክሞት ነበር። «ጠጋ ጠጋ በሉ» አላለም። መሳቢያውን አየ፤ አማቱን አየ። ከዚያ መሳቢያውን ጭራሽ ነቅሎ አወጣና ያለውን ሁሉ አልጋው ላይ ገለበጠው፤ ካልሲ፣ ክራባት፣ የተጨማደዱ ወረቀቶች፣ የተሰበረ የእጅ ሰዓት። ሰብስቦ በፌስታል ከተተና በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ሰቀለው።

«ሹፌር ዕቃ አያበዛም፣ አባባ» አለ። «ደግሞ ከዚህ በላይ ከፍ የሚያደርጉት ከሆነ አስቀድመው ይንገሩን፤ እኛ እንውጣ።»

አናጺው አመሰግናለሁ ለማለት አፉን ከፈተ። ሹፌሩ ግን ቀድሞት ፊቱን ሊታጠብ ወጥቶ ነበር።

ዓርብ ጠዋት አናጺው የመጥረጊያ እጀታ አንስቶ ልጁን ጠራት። ጫማሽን አውልቂ፣ ቀጥ በይ፣ ክርንሽን እጠፊ አላት። ታዘዘች። ክርኗን በእጁ ያዘው። ከቀብሩ ቀን ወዲህ ነክቷት አያውቅም ነበር። ክርኗ እንደ እናቷ ሹል ነው፤ ቁመቷ ግን የማንም አይደለም፣ የራሷ ነው። የእንጨት እርጥበት በእጁ ሲፈትሽ እንደሚያደርገው ትንሽ ያዝ አድርጎ ቆየ። ሙቀት ነበረው። ከዚያ አንድ ጭብጥ ዝቅ ብሎ እጀታው ላይ ምልክት አደረገና ወደ ቁም ሳጥኑ ወሰደው።

አዲሱ መስመር ከአሮጌው በአንድ መዳፍ ከፍ አለ። ሁለቱን መስመሮች አያቸው። አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት ፈቀው። አራት ጊዜ ሲያሸው ጠፋ። የበለጠ የሚያስቸግር መስሎት ነበር።

ሐዲዶቹን ፈትቶ እንደገና አሰራቸው፤ ለታጣፊው እግር ቅጥያ ሠራለት። ቅጥያው ቀለሙ የተለየ ሆነ፤ ቀለም አልፈለገለትም። ከቀትር በኋላ ልጁ ቆማ ቆረጠች። አናጺው ወገቧን ያያል። አልጎበጠችም። መቀሱ ያለ ማቋረጥ ሄደ።

በዚያ አመሻሽ አናጺው ደውዪልኝ ብሏት ልጁ ከወንድሟ ጋር አገናኘችው። ወንድሟ ቅዳሜ መናኸሪያ እንደሚጠብቀው፣ ክፍሉን እንደጠረገ፣ እዚያ ስፋት እንዳለ ደጋግሞ ነገረው። አናጺው ሁሉንም ሰማ።

«ይኸውልህ፣ አልመጣም» አለ። «እህትህ ጋ ነኝ።»

ቤቱ ጠባብ አይደለም ወይ አለው ወንድሟ። ጠባብ ነው አለ። ስልኩንም ለልጁ መለሰላት። ሹፌሩ ከመጋረጃው ጀርባ ለጓደኛው ደውሎ የፊቱን ወንበር ለሌላ ሰው ስጠው ሲል ተሰማ።

ሰኞ ጠዋት ሴትየዋ መጣች። አርባ ስድስቱን እጅጌዎች በመስኮቱ ብርሃን ደረደረች። በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ አገላብጣ በሌላኛው ጫፍ ዳሰሰች። አንድም አልለየችም። ይዛው የመጣችውን አዲስ የጨርቅ ጥቅል ገበታው ላይ ጥላ፣ የተቆረጠውን ተሸክማ ሄደች።

አሁን በገበታውና በፍራሹ መካከል ሰው ይገባል። አናጺው ስለ ደከመው አይደለም፤ በርጩማው ላይ መቀመጥ ስለ ሰለቸው ገብቶ ጋደም አለ። ከፊቱ በላይ ገበታው አለ፤ ከሥር ሲያዩት ያልተላገ ነው፣ የኮላው ቅሪት ይታያል። ከላይ ልጁ ጨርቁን ዘረጋች። ጨርቁ ረጅም ነበር፤ ጫፉ ተርፎ በገበታው ጠርዝ ወደ አልጋው ወረደ፣ ክብደቱም ይስበው ጀመር።

«አባዬ፣ እየሸሸብኝ ነው። ያዝልኝ» አለች።

እጁን አውጥቶ ያዘው።

«ወጠር አታድርገው፤ ያዝ ብቻ።»

«ይዣለሁ።»

መቀሱ ጀመረ። በተዘጋ ቁጥር ጨርቁ ከእጁ ላይ ትንሽ ይጎተታል፤ እሱም ትንሽ ይለቅለታል።