ኩምሳ የመታው ሳህን

«ያንን ተይው፤ ያንቺ ይሄኛው ነው» አለች አስካለች፣ ሳህኑን ከዱረቲ እጅ ላይ ቀልጠፍ ብላ እየወሰደች።

ክፋት አልነበረባትም። አስካለች ከጎረቤት ሴቶች ሁሉ ቀድማ የደረሰች፣ የዱረቲ አባት ሬሳ ከቤት ሲወጣ ከልጁ እኩል ደረቷን የመታች፣ ከዚያ ወዲህም ከጓዳ ያልወጣች ሴት ናት። የወሰደችውን ሳህን ለድንኳኑ ከተደረደሩት ላይ መለሰች። ከበሩ ሥር ካለው ጆንያ ሌላ አወጣች፤ በነጠላዋ ጫፍ ወልወል አድርጋ እንጀራና ሽሮ አኖረችበት።

«ብዪ እንጂ። አባትሽን ቀብረሽ ደግሞ አንቺ ልትወድቂብን ነው?»

ዱረቲ ግን ሁለቱንም ሳህኖች በጣቷ ዳብሳቸዋለች። የመጀመሪያው ለስላሳ ነው። ይሄኛው መሐሉ ላይ፣ ከሥር በሹል ብረት ተመትቶ ወደ ላይ ያበጠ ሦስት ነጥብ አለበት። ጎንበስ ብላ ጆንያውን ከፈተች። እዚያ ያሉት ሁሉ ሦስት ሦስት ነጥብ አላቸው። ድንኳን ውስጥ ለለቅሶ ደራሹ ከሚዞሩት ግን አንዱም የለበትም።

ነጥቦቹን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። በሰፈሩ ሰርግም ሆነ ለቅሶ እሷና አባቷ አጥሩ ሥር ይቀመጡና ምግብ ይቀርብላቸዋል፤ እሷ እንጀራውን ገፋ እያደረገች ነጥቦቹን ትፈልጋለች፤ ሦስቱንም ስታገኝ «ጨረስኩ አባባ» ትላለች። ሳህን ሁሉ እንደዚያ ይመስላት ነበር። ነቀምት ነርስነት ልትማር ሄዳ ለስላሳ ሳህን ሲሰጧት፣ ነጥቦቹ በመታጠብ ብዛት ያለቁ መስሏት ነበር። ሰው እንዲህም ይሞኛል።

ድንኳኑ ሞልቷል። የአምቦ ሰው በለቅሶ አይታማም። ዱረቲ ከምትሠራበት ከጌዶ ባልደረቦቿ መጥተዋል፤ ከጉደርና ከእንጭኒም ገበሬዎች መጥተዋል። አባቷ ኩምሳ ቱምቱ ነበር፤ ብረት ቀጥቃጭ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ዶማውን የማይገዛው አልነበረም። ከቤቱ ውሃ የሚጠጣ ግን አልነበረም። በሕይወት ሳለ በአክብሮት «ኦቦ» ብሎ የጠራው ሰው የለም፤ «ቱምቱው» ነበር የሚሉት፣ ደህና ሲያከብሩት «ቱምቱው ኩምሳ»። አሁን የእድሩ ዳኛ ኦቦ ሂርጳ ቆመው «ኦቦ ኩምሳ ቅን ሰው ነበሩ» ሲሉ፣ ዱረቲ ስለ ማን እንደሚያወሩ ቶሎ አልገባትም። ኦቦ ለመባል መሞት ነበረበት።

ኦቦ ሂርጳን ትወዳቸዋለች። አስተማሪዋ ነበሩ። ማንም ልጅ ከእሷ ጋር አልቀመጥም ሲል፣ የገዛ ልጃቸውን እጁን ይዘው አጠገቧ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው፣ ጆንያውን ባየች ጊዜ እሳቸውን ሳትጠረጥር ሐሳቧ ቀጥ ብሎ ወደ እማማ ወለተ ማርያም የሄደው።

እማማ ወለተ ማርያም የፊት ለፊት ጎረቤት ናቸው። ዱረቲ በበራቸው ስታልፍ እንትፍ ይላሉ፤ የልጅ ልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። «ቡዳ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማችው ከእሳቸው አፍ ነው። ዛሬም ከድንኳኑ ውጭ ድንጋይ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«ሳህኑን ያስለዩት እርስዎ ነዎት?»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። «እኔ? ጭራሽ ከቤታችሁ የማልበላ ሰው፣ ሳህን ለይቼ ምን ላደርግበት? ሂርጳ ነው።»

«ይዋሻሉ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ማንን ፈርቼ ልዋሽ? እናትሽ የሞተች ጊዜ የሆነውን ረሳሽው?»

አልረሳችውም። ያኔ ቱምቱ እድር አይገባም ነበር። ሰፈሩ ውስጥ አባቷ ያልሠራው ዶማ ያለው ሰው አልነበረም፤ አንዱም ዶማውን ይዞ አልመጣም። የእናቷን ጉድጓድ ኩምሳ ብቻውን ቆፈረ። እሷ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብላ አፈሩ ሲወጣ ታይ ነበር።

«ከዚያ በኋላ አባትሽ እድር አስገቡኝ ብሎ በየደጁ ለመነ» አሉ እማማ ወለተ ማርያም። «እኔን ማን ይቀብረኛል፣ ይቺ ልጅ ትቆፍር? አለ። እምቢ አልነው። ዘዴውን ያመጣው ሂርጳ ነው። ሰውየው ይግባ፣ ሳህናቸው ይለይ አለ። ሁሉም ተስማማ፤ ሂርጳም ደግ ተባለ። እንዳይቀላቀል ምልክት ይመታበት ሲባል ደግሞ፣ ብረት የሚያውቅ ማን አለ? አባትሽን ጠርተው ሰጡት።»

«ራሱ መታው?»

«ራሱ። ሳህኑን ተሸክሞ ሲሄድ አይቼ ስቄያለሁ፣ አልደብቅሽም።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አሁንም ከቤትሽ አልበላም፤ እንዳትለምኚኝ። ግን እኔ የጠላሁሽ ፊት ለፊት ነው።»

ዱረቲ ያን ቀን አስታወሰችው። አባቷ የሥራ ቤቱን በር ዘግቶ ሲሠራ ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ ቀን መዶሻው ሰፈሩን ያናውጣል፤ ያን ቀን ግን ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ ይመታና ዝም፣ ሦስት ጊዜ ይመታና ዝም። በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ «አባባ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አለችው።

«ድንኳን» አላት።

ድንኳን በመዶሻ አይሠራም ብላ ሳቀችበት። እሱ አልሳቀም። ሳህኑን ሲመታ ለቀብሩ የሚተከለውን ድንኳን እየገዛ እንደነበር አሁን ገባት።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ሂርጳን ወደ ውስጥ ጠራቻቸው። ከጆንያው በወጣ ሳህን ምግብ አቅርባ ጠበቀቻቸው። እሳቸው ሳህኑን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ዱሬ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ በልቤ ምንም የለኝም። ዋቃ ያውቃል።»

«እኔም አውቃለሁ።» እውነቷን ነበር፤ የሚያንገበግባትም ይሄው ነው። «ታዲያ ሳህኑ?»

«ያኔ ሌላ መንገድ አልነበረም። አባትሽ ሜዳ ላይ ከሚቀር ብዬ ነው።»

«ያኔስ ይሁን። ከዚያ ወዲህስ? የልጅ ልጅዎን ያዋለድኩት እኮ በዚህ እጄ ነው።»

«ደንቡ የኔ አይደለም ልጄ፣ የሰዉ ነው።»

«ሰዉን ስጠይቅ ደግሞ የእድሩ ነው ይለኛል።»

ኦቦ ሂርጳ ወደ ሳህኑ ቀረቡ። ከዚያ ማንም ሳያስገድዳቸው እጃቸውን ታጠቡና ተቀምጠው ከሳህኑ በሉ። ለይስሙላ አይደለም፣ ደህና አድርገው ጎረሱ፤ እሷንም አጎረሷት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የሰፈሩ ሰው ከዚያ ሳህን ሲበላ ስታይ የመጀመሪያዋ ነውና ዱረቲ ልቧ ራራ።

«እንግዲያው ይሄንኑ ይዘው ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጡ» አለቻቸው። «ሌላ አልጠይቅዎትም። ነገ ሠልስቱ ነው። ድንኳኑ ሳይነሳ አንድ ሰው በአባቴ ሳህን፣ ሰው እያየው ይብላ።»

ኦቦ ሂርጳ በሩን አዩ። ከመጋረጃው ማዶ የለቅሶ ደራሹ ድምፅ ይሰማል። የጎረሱትን ዋጡና ሳህኑን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«እድሩ ይበተናል ዱሬ። ከዚያ የቀሩትን ቱምቱዎች ማን ይቀብራቸዋል? እስቲ አስቢው።»

ሲወጡ ግድግዳው ላይ ባለችው መስታወት ጢማቸውን አይተው ጠረጉ። ወጥ እንዳይታይባቸው ነው።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንዶቹ አግዳሚውን ሲሰበስቡ፣ ሴቶቹ ሳህኑን አጥበው የድንኳኑን በአንድ ወገን፣ የጆንያውን በሌላ ወገን ደረደሩ። ዱረቲ የድንኳኑን ሳህኖች ታቅፋ ወደ አባቷ ሥራ ቤት ገባች። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። እሳቱ ያለበት ቦታ ቀዝቅዟል። ሹሉ ብረትና መዶሻው አባቷ እንደተዋቸው ናቸው። አንዱን ሳህን ገልብጣ አባቷ ይቀጠቅጥበት በነበረው ብረት ላይ አኖረችና መታችው። ሦስት ጊዜ።

የድንኳኑ ወሬ ቀጥ አለ። ቱምቱው ካረፈ ወዲህ ከዚያ ቤት መዶሻ አልተሰማም ነበር። መጀመሪያ የደረሰችው አስካለች ናት፤ «ዱሬ፣ የሰው ዕቃ እኮ ነው» አለችና አፏን ያዘች። ከኋላዋ አንድ ሰው «ተዉአት፣ ሐዘንተኛ ናት፤ ሌላ እንገዛለን» አለ። ዱረቲም ይህን ታውቃለች። ይገዛሉ፤ ገዝተውም ይለያሉ። ሌላ ሳህን ገለበጠች። እማማ ወለተ ማርያም ከድንጋያቸው አልተነሱም።

ኦቦ ሂርጳ ሰዉን ከፍለው በሩ ላይ ደረሱ።

«ዱሬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ድንኳን» አለች።

ሳህኑን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ አውራ ጣቷን በነጥቦቹ ላይ አሳለፈች። አንዱ ጠመም ብሏል፤ አባቷ የመታቸው እኩል ነበሩ። የሚቀጥለውን አነሳች፤ ብረቱንም እሱ ይይዘው እንደነበረው ዝቅ አድርጋ ያዘችው።