ተዘቅዝቆ የተነበበው መጽሐፍ

ቤተሰቦቿ «ሽውታ» ይሏታል። አንድ ሥራ ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታ አታውቅም። ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ሸጣለች፣ ሆቴል እንግዳ ተቀብላለች፣ ፎቶ ቤት የሰው አንገት ስታቃና ከርማለች። ሁሉም መጀመሪያ ይጥማታል፤ ከዚያ ወንበሩ እሾህ ያበቅላል። በሠላሳ አራት ዓመቷ ከመምህራን ኮሌጅ ስትመረቅ ታላቅ እህቷ አቅፋ ሳመቻትና «ይቺስ እስከ መቼ ናት?» አለቻት።

አንደኛ ክፍል «ሐ» ተሰጣት። ሃምሳ ስምንት ልጆች፣ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው። በመጀመሪያው ሳምንት ድምጿ ተዘጋ። በሦስተኛው ወር ግን ልጆቹ መጽሐፉን ገጽ በገጽ በአንድ ድምፅ ያንበለብሉት ጀመር። ርዕሰ መምህሩ በኮሪደሩ ሲያልፉ ቆም ብለው አዳመጡና «በርቺ» አሏት።

ከሁሉ የምትበልጠው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነበረች። ትንፋሽ ሳትወስድ ስለምታነበንብ ጓደኞቿ «ሬዲዮ» ብለዋታል። በመንፈቁ ፈተና አንደኛ ወጣች።

ነገሩ ሁሉ የተሳካ ይመስል ነበር። አስተማሪዋ ግን ክፍል ገብታ ገና አስር ደቂቃ ሳይሞላ ሰዓቷን ታያለች። አንድ ቀን በምሳ ዕረፍት ለአንድ የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ ማመልከቻ ጻፈች። ሐሙስ በአራት ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ቅረቢ አሏት።

ሰኞ ዕለት ሬዲዮ ልታነብ ተነሳች። መጽሐፉ ከእጇ አመለጠ፤ አንስታ ገለጠችውና ቀጠለች። አስተማሪዋ ተጠጋች። መጽሐፉ ተዘቅዝቋል። ሥዕሉ ላይ ያለችው ድመት አራት እግሯን ወደ ጣሪያ ሰቅላለች። ልጅቷ አንዲት ቃል አልሳተችም።

አስተማሪዋ መጽሐፉን አቃንታ አንድ ፊደል ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይቺ ማን ናት?»

ልጅቷ በሹክሹክታ እየቆጠረች ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች። «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ... ቤ ናት፣ ቲቸር?»

«ቢ» ነበረች።

የቀሩትንም አንድ በአንድ ጠራቻቸው። ከሃምሳ ስምንቱ በእውነት የሚያነቡት ዘጠኝ ብቻ ሆኑ። ፊቷ እንደጋለ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች።

«ከፊደል እንደገና ልጀምር ነው።»

«ሌሎቹ ክፍሎች ገጽ ሃምሳ ደርሰዋል እኮ።»

«የኔዎቹም ደርሰዋል ጋሼ። በጆሯቸው ነው እንጂ በዓይናቸው አይደለም።»

«እንግዲህ ወላጅ ሲመጣ መልሱን አንቺ ታውቂዋለሽ» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ካርቶን ቆርጣ ፊደላቱን ጻፈችባቸውና እንደ መጫወቻ ካርታ በወዘቻቸው። ቅደም ተከተሉ ሲጠፋ ዜማውም ጠፋ። ያ ሁሉ ጩኸት ረጭ አለ። ሬዲዮ ጭራሽ ተዘጋች፤ ዴስኩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ሐሙስ ጠዋት በዕረፍት ሰዓት እናትየዋ ክፍሉ በር ላይ ቆመች፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች።

«ልጄ አንደኛ ነበረች። ምን አድርገዋት ነው አፏ የተዘጋው?»

አስተማሪዋ ሰዓቷን አየች። ሦስት ተኩል ሆኗል፤ ቲኬት ቢሮው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ሰበብ መደርደር አያቅታትም ነበር።

«ልጅዎ ማንበብ አትችልም» አለች። «ጎበዝ ናት፣ የሰማችው አያመልጣትም። እኔ እሱን ይዤ ተዘናጋሁ። አንደኛ ብዬ ያታለልኳችሁ እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ሜትሩን አውርዳ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው።

«እኔም ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረሁት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እስከዚያ ከክፍሉ የሚደርስብኝ አልነበረም። አዲሱ መምህር ያላጠናችሁትን አንብቡ ሲለን ያ ሁሉ ጉብዝና ጉድ ሆነ። ተሳቀብኝ፣ አልተመለስኩም። ዛሬም የደንበኛ ስም የማስጽፈው በሰው ነው።»

«ማታ ከክፍል በኋላ ግማሽ ሰዓት እቆያለሁ። እርስዎም ይምጡ።»

«እኔ? ከሕፃን ጋር?»

«ከልጅዎ ጋር።»

አስተማሪዋ ቦርሳ ውስጥ ስልክ ጠራ። ቆይቶ ዝም አለ። ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ እየተጋፉ ሲገቡ አስተማሪዋም አብራቸው ገባች።

እናትየዋ ሳምንት ሙሉ ጠፍታ ቆየችና መጣች። ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አልገባ ስላለ በጎን ተቀመጠች። ሬዲዮ መጀመሪያ አፈረች፤ በኋላ ግን እናቷን ማረም እንደ ከረሜላ ጣፈጣት።

አስተማሪዋ አሁንም ዕረፍት የላትም። ካርቶኗን ይዛ ከዴስክ ዴስክ ስትዘዋወር ትውላለች፣ እግሯ አብጦ ቤቷ ትገባለች፤ ተኝታም «ጨ»ን ከ«ጠ» የማይለየውን የኋላ ወንበር ልጅ በምን እንደምትይዘው ስታወጣ ስታወርድ ይነጋባታል። ያም ሆኖ ሲነጋ ለመሄድ ትቸኩላለች።

ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው በየትኛውም መጽሐፍ የሌለ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ሬዲዮን አስነሳች።

«የ... ር... ዕሰ... መምህሩ» አለች ልጅቷ፣ ጣቷን አየር ላይ እየጎተተች። «ጫማ... ውስጥ...» ቆመች። ዓይኗ ወደፊት ሮጠ። ከዚያ አፏን በእጇ ይዛ በሳቅ ፍርስ አለች።

ክፍሉ የቀረውን ገና አልሰማም። አስተማሪዋ ቾኩን እንደያዘች ጠበቀች። ከመስኮቱ በኩል አንዱ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሁለቱ፤ የቀሩት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ወዳለችው እንቁራሪት እየተጠጉ ነበር።