ቤት ያፈራውን

ወልደኪዳን በሽታው ቀኝ ጎኑንና አንደበቱን ከወሰደበት ወዲህ ሰው ሁሉ ስለ እሱ የሚያወራው እዚያው እሱ ፊት ነው። ይኼ ያናድደኛል። ጎረቤት ሊጠይቀው ይመጣል፣ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ከዚያ "እንዲህ ሆኖ ከመኖርስ..." ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። እሱ ዐይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዞረ ይሰማል። "ኧረ ሰውዬው ይሰማችኋል!" ስላቸው "አይ ታመነ፣ ወዳጅህ ስለሆነ ነው" ይሉኛል። ከንፈር ለመምጠጥ መቼም ቀረጥ አይከፈልበትም።

የገዛ ልጁ ፀደንያ እንኳ እንደነሱ ሆናለች። አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ቅዳሜ ቅዳሜ የጫጫን ጉም በሚኒባስ እያቋረጠች ደብረ ብርሃን ትመጣለች፤ ታጥበዋለች፣ ልብሱን ትቀይርለታለች፣ እሑድ ከሰዓት ትመለሳለች። በሌላው ቀን እኔ አለሁለት። የዚያን ቅዳሜ እንደመጣች ነጠላዋን ሳታወርድ ነገረችኝ።

"ጋሽ ታመነ፣ ነገ አባዬን ይዤው ልሄድ ነው። ቤቱንም አከራየዋለሁ።"

"ጠይቀሽዋል?"

"ምኑን ልጠይቀው?" ዐይኗ እንባ ሞላ። "አባዬ እኮ የለም፣ ጋሽ ታመነ። ያለው አካሉ ነው።"

ይኼን ያለችው እሱ ከተቀመጠበት ወንበር ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆማ ነው። ልቆጣት አልቻልኩም። ባለፈው ሳምንት ከአልጋው ወድቆ እኔ በዚህ በተሰበረ ወገቤ ላነሳው አቅቶኝ፣ መንገደኛ ጠርቼ እስኪመጣ ድረስ ሲሚንቶው ላይ ተኝቶ ቆይቷል። ይኼን ታውቃለች። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ። ግን ሰው እንደ ከረጢት እህል ሳይጠየቅ ተጭኖ ሲሄድ ዝም ማለት ሆዴ እምቢ አለ። ደግሞስ ለምን እዋሻለሁ፣ እንዲሄድብኝ አልፈለግኩም። እሱ ከሄደ ለእኔ ማን አለኝ?

"ሐሳቡ በቦታው እንዳለ ካሳየሁሽ ትጠይቂዋለሽ?" አልኳት።

"በምን ያሳዩኛል?"

"በዳማ።"

ዳማው የራሱ የእጅ ሥራ ነው። የሰፈሩ ልጆች በስድሳ አራት ካሬ ይጫወታሉ። ወልደኪዳን ግን የስፖርት አስተማሪ ሳለ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዶ ዓለም አቀፉን ባለ መቶውን ተምሮ መጣ፤ ከአንኮበር ባስመጣው የጽድ ሳንቃ ላይ መቶውን ካሬ ራሱ አሰመረ። ለየራሳችን ሃያ ሃያ ቆርኪ ነው፤ የእሱ ጥርሳቸው ወደ ላይ፣ የእኔ ወደ ታች። መብላት ግዴታ ነው። የተሰጠህን አልፈልግም ማለት የለም።

እሱ የሚገድለኝም በዚችው ሕግ ነበር። እኔ ስስታም ነኝ፤ አንዲት ቆርኪ ስትሞትብኝ ልቤ ይደማል። እሱ ግን ለጋስ ነው፤ አንዷን አፌ ሥር ያመጣና ልክ እንግዳ እንደተቀበለ ባለቤት አንገቱን ሰበር አድርጎ "ብላ እንጂ ታሜ፣ ቤት ያፈራውን" ይለኛል። እበላለሁ። ኋላ የበላሁትን በአፍንጫዬ ያወጣዋል።

ከታመመ ጀምሮ ግን ዳማውን ከግድግዳው አውርጄው አላውቅም። ፈርቼ ነበር። ባይችልስ?

ጉሙ ተነሥቶ ፀሐይ በረንዳው ላይ ስትወጣ ጀመርን። በግራ እጁ ነው የሚገፋው። እኔ አላዘንኩለትም፤ ብለቅለት ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። በደንብ ይዞ ሄደ። ፀደንያ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ እያጣጠፈች በበሩ አሻግራ ታየናለች።

ጨዋታው ሲጋመስ አንዲት ቆርኪ አምጥቶ አፌ ሥር አስቀመጠ። በላሁ። ሌላ ሰጠኝ። በላሁ። ሦስተኛዋን ሲያመጣ ሁለት ተከታትለው ተከፈቱልኝ፤ እነሱንም በላሁ። ምንም አላተረፈባቸውም። ከአፉ ዳር ለሃጭ ወረደ፤ ፀደንያ መጥታ በመሐረብ ጠረገችለትና እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

"ይተዉት በቃ፣ ጋሽ ታመነ። ለምን ያዋርዱታል?"

ፊቱን አየሁት፤ ምንም የሚነበብ ነገር አጣሁበት። ሰዎቹ ልክ ናቸው ማለት ነው፣ እኔ ነኝ የማይረባ ሽማግሌ ብዬ ቆርኪዎቹን ልሰበስብ እጄን ስዘረጋ በግራ እጁ አንጓዬን ያዘኝ። አያያዙ የድሮው ነው። ለቀቀኝና አንዲት ቆርኪ ደግሞ ሰጠኝ።

በላሁ፤ ግዴታ ነው። እጄን ከዳማው ሳነሳ ገና አየሁት። ስበላ ስበላ ቆርኪዎቼ ከሰልፋቸው ወጥተው ተበታትነዋል፣ ጀርባዬ ባዶውን ቀርቷል። ወልደኪዳን ከዳር ተወሽቃ የቆየች ቆርኪውን አነሳና አንዷን ዘለለ፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን፣ አራተኛዋን፣ አምስተኛዋን ዘልሎ የመጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። ሌላ ቆርኪ ደረበባት። ነገሠ። በባለ መቶው ላይ ንጉሥ ከዳር እስከ ዳር ይምዘገዘጋል፤ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው።

"አየሽ! አየሽልኝ!" ብዬ ጮህኩ። እያለቀስኩም ነበር። "እያወቀ ነው ያስበላኝ! ሁሉንም ያሰበው ከመጀመሪያው ነው!"

ተራዬ ስለነበር ከደስታዬ ብዛት ሳላይ የሆነች ቆርኪ ገፋሁ። ፀደንያ ዳማ አታውቅም፤ ግን የአባቷን ፊት አየች። የዱሮው ፈገግታ በግራ ጉንጩ በኩል ብቅ ብሎ ነበር። "አባዬ እኮ የለም" ያለችው ትዝ አላት መሰለኝ፣ እግሩ ሥር ተንበረከከች።

"አባዬ፣ ይቅር በለኝ። ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ትሄዳለህ? ወይስ እዚሁ ከጋሽ ታመነ ጋር ትሆናለህ? የምትሄድ ከሆነ እጄን ያዝ።"

እኔ ፈገግ አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ። ቤቱን በእጁ የሠራ፣ ሚስቱን ዘርፈሽዋልን ሥላሴ የቀበረ፣ አዲስ አበባ ሁለት ቀን ከዋለ ራሱን የሚያመው ሰው ነው። ሲወድቅ አብሮኝ የሚያነሳው ጎረምሳ ከየት እንደምቀጥር ማሰብ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ልጁን ትኩር ብሎ አያት። በደብረ ብርሃን ውርጭ ልብሱን ስታጥብ የተሰነጣጠቀ እጇን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ እጇን ያዘ።

"ወልዴ፣ ጥያቄው ገብቶሃል?" አልኩት።

እኔ ነኝ ይኼን ያልኩት። ይሰማል፣ ይገባዋል እያልኩ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋር ስጣላ የከረምኩት እኔ።

አልተቆጣም። የልጁን እጅ ለቀቀና ወደ ዳማው ዞረ። ተራው የእሱ ነበር። ንጉሡን ከዳር ስቦ አምጥቶ ከቆርኪዬ ፊት አቆመው፤ ጀርባው ባዶ ነው። ወጥመዱን ፈለግሁ። በግራም በቀኝም አየሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣውንም አሰብኩ። ምንም ወጥመድ የለውም። ዝም ብሎ ሰጠኝ።

ቀና ስል እያየኝ ነው። አንገቱን ሰበር አድርጎ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣውም። ምን እያለኝ እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

"አልበላም" አልኩት።

በጣቱ ሳንቃውን ቆረቆረ። ጠበቀኝ። ፀደንያም ከሥር ቀና ብላ እኔን ታየኛለች፤ እሷም የእኔን እሺታ እየጠበቀች እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ግዴታ ነው። በላሁ።