ሁለት እስር አልፋልፋ

ባልቴቷ ለከብት መኖ የምትዘራውን አልፋልፋ የምታጠጣው በእግሯ ነበር። ጎህ ሲቀድ ቦዩን ትከፍትና ባዶ እግሯን ጭቃው ውስጥ ነክራ ዓይኗን ትጨፍናለች። ውኃው በቅጠሉ መሃል እየተንሾካሾከ ሲሄድ የሞተው ባሏ ከኋላዋ የሚራመድ ይመስላታል። ዞር ብላ ግን አታይም፤ ካዩት ይሄዳል። መሬቱ ለስልሶ ቁርጭምጭሚቷን ያዝ ሲያደርጋት ጠግቧል ማለት ነው፤ ትዘጋለች። እስከ ዘጠነኛው ቀን አትመለስም። ከበረት ከወጣ ፍግ በቀር ማዳበሪያ የሚባል አታውቅም።

ከድንበሩ ወዲያ ያለው የማሳው ግማሽ የዋርሳዋ ነው፤ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ አፉ ከውኃ ፓምፑ የማይተናነስ። በየሦስት ቀኑ ፓምፑን እያስጮኸ ያጠጣል፤ ማዳበሪያውን ከጆንያ እየዘገነ ይበትናል። ሐሰት አይወራም፣ አልፋልፋው እንደ ሐር ነበር። እሷ አምስቴ ስታጭድ እሱ ስምንቴ አጭዷል።

«እትዬ፣ መሬቱን እኮ አስተኛሽው። ልቀቂልኝና ላንቃው» ይላታል።

«አንተ ደግሞ እንቅልፍ ነሳኸው።»

ሲነታረኩ ከርመው ተወራረዱ፤ ከሁለቱ የአንዳቸውን መኖ ለዓመቱ ሊገዛ ያሰበው ወተት ነጋዴ የሷን ካልመረጠ መሬቷን ለዋርሳዋ ትለቃለች፤ ከመረጠ ዋርሳዋ ዳግም መሬቷን አይጠይቅም። ቃሉ ካመለጣት በኋላ ልትመልሰው ወደደች፤ ኩራት የያዘው ምላስ ግን የኋሊት አይሄድም።

ነጋዴው መኖ የሚመርጠው በላም ነው። ዓይንም ሚዛንም ይሸነገላል፣ የላም አፍ አይሸነገልም ባይ ነው። በቀጠሮው ጠዋት ጉሙ ማሳውን ውጦት ነበር። መጀመሪያ ሁለት ቀንዶች ብቻ በአየር ላይ ሲንሳፈፉ ታዩ፤ ቆይቶ አሮጊቷ ላም፣ ከዚያ ነጋዴው ብቅ አሉ። ከየማሳው የታጨደ አንድ አንድ እስር ፊቷ አኖሩላት። ላሟ የባልቴቷን አሸተተች፣ አንዴ እፍ አለችበትና ዞራ የዋርሳዋን ትሰለቅጥ ጀመር።

ባልቴቷ መሬቱ ከሥሯ ቀስ ብሎ ሲሄድ ተሰማት።

«አየሽ እትዬ! ላም እንኳ ታውቃለች!»

«ምን ታውቅ፣ ዘመድህ ሆና ነው እንጂ!» አለች፤ ድምጿ ግን ለራሷም ከሩቅ የመጣ መሰላት።

ነጋዴው የላሟን ጀርባ እያሻሸ «እስሩ ስንት ነው?» አለ።

ዋርሳዋ ዋጋውን ጠራ።

«ከወተቱ ልትካፈለኝ ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ ማዳበሪያው አለ፣ የፓምፑ ናፍጣ አለ! ከዚህ ዝቅ ካልኩ ለኔ ምን ሊተርፈኝ?»

«አንቺስ፣ እማማ?»

«የሱን ግማሽ።»

«ምን ሊተርፍሽ?»

«ምን ገዝቼበት? ከጉልበቴ በላይ የመጣው ሁሉ ትርፌ ነው።»

ነጋዴው ላሟን አየ፣ ሁለቱን ሰዎች አየ። «ላም ዋጋ አትጠይቅም፤ ከፋዩ እኔ ነኝ። ዛሬ ብትግደረደርም ሲርባት ትበላዋለች። ለዓመቱ ያንቺን ነው የምወስደው።»

ጉሙ ተገፎ ማሳው ወለል አለ፤ የሷም የሱም፣ ድንበሩ እንኳ በማይለይ አረንጓዴ። ዋርሳዋ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። ላሟ የሱን እስር እስከ ማሰሪያው ጨርሳ ከንፈሯን ትልሳለች።

«የበላችውንስ ማን ይከፍለኛል?» አለ፣ በዚያ አፉ እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ነጋዴው ላሟን ሊነዳ ዞረ። ባልቴቷ ሳቋ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ፓምፕ ሲጎትት የተላጠ መዳፉን አይታ ዋጠችው።

«ከምትከፍለኝ ላይ አንሳለት» አለች ለነጋዴው። «በኔ ዋጋ እንዳይሆን፤ በሱ ዋጋ።»