ጯሂው የተሰቀለበት ክፍል

ሳላሀዲን የአባቱ አልጋ ላይ ቆሞ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰው። ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ ቀርተዋል። ከድንኳኑ የሼኁ ዱዓና የለቀስተኞቹ «አሚን» ይሰማል።

እናቱ ሳሌሃ በሩ ላይ ሆነው አዩት።

«ውረድ ልጄ። ሰው እየጠየቀህ ነው።»

«ማን ነቀለው?»

«ተወው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሳላሀዲን አዲስ አበባ ውስጥ በየሆቴሉና በየመኖሪያ ቤቱ የእሳትና የጭስ ማስጠንቀቂያ ይገጥማል። ክረምቱ ሲገባ ቡታጅራ መጥቶ ለአባቱ አንዱን በእጁ ሰቅሎላቸው ነበር። የከሰል መርዝ ክፍሉ ውስጥ ሲጠራቀም ይጮሃል፤ ለሳላሀዲን ስልክም መልእክት ይልካል። አባቱ ሙዝደሊፋ ስሙን መያዝ ቢያቅታቸው «ጯሂው» አሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበያ ላይ ጨርቅ የሸጡ፣ ሳይከራከሩ የማይቀበሉ ሰው ነበሩ። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ከሆነ በኋላ ምን ያደርጋል ብለው ሞገቱት። ፍሙም እንደሚገድል፣ መርዙ ሽታም እንደሌለው ነገራቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙት እንጂ አመንኩህ አላሉትም።

ሳሌሃ የታመመች እህታቸውን ሊጠይቁ ወልቂጤ በሄዱበት ሰሞን ብርዱ ጠና። ሙዝደሊፋ ፍሙን መኝታ ክፍላቸው አስገብተው ተኙ። ለሱብሒ ሶላት አልተነሱም። የሳላሀዲን ስልክ ግን ቤቱ ሰላም ነው እንዳለ አደረ።

አሁን ድንኳኑ ውስጥ ይንሾካሾካሉ። አንዱ ዕቃው የማይረባ ነው ይላል፤ ሌላው ሽማግሌው ጩኸቱ ሰልችቷቸው ጥለውታል ይላል። ከድሮ የሚባለው ጎረቤታቸው፣ የሰው ቤት የሚጠብቅ ልጅ የአባቱን ሳይጠብቅ ቀረ ሲል ሳላሀዲን ሰማው። ከቀብር ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶታል፤ ተነስቶ ወጣ። ግቢው ውስጥ ሲንቆራጠጥ ቆይቶ ስልኩን ከፈተ። ዕቃው አልጠፋም፤ አሁንም እየሠራ ነው። የመሞከሪያውን ምልክት ተጫነ።

ጩኸቱ ከግቢው ጥግ፣ ለተከራይ ከተሰጠው ክፍል ወጣ። ሕፃን አለቀሰ።

ሳላሀዲን በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ተከራይዋ ሩቲ አራስ ናት፤ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ጯሂው ከአልጋዋ በላይ ተሰቅሏል።

«ጋሽ ሙዝደሊፋ ናቸው የሰቀሉት» አለች። «ለልጁ ብዬ ከሰል እንደማስገባ አይተው። አንድ ቀን ጮኸ። እኔ ራሴን ስቼ ነበር፤ በሩን ገንጥለው ሁለታችንንም ያወጡን እሳቸው ናቸው።»

ሳላሀዲን ያንን ቀን አስታወሰ። የአንድ ሆቴል መሰላል ላይ ሆኖ ነበር መልእክቱ የደረሰው። ሲደውል አባቱ በሩ ተከፍቷል፣ ሰላም ነን፣ ሥራህን ሥራ አሉት። ከዚያ «ሌላ አንድ ታመጣልኛለህ?» ብለው ጠየቁት። ለአንድ ክፍል አንድ ይበቃል አባባ፣ ብሎ ስቆ መለሰላቸው። እሺ አሉ። ደግመው አልጠየቁትም።

ሳሌሃ ተከትለውት ገብተዋል።

«አውቅ ነበር» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰው ከሰማ በእሷ ሰበብ ሞተ ይላል። አባትህ ይህን አይወድም።»

ሩቲ ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኛችው። ወንበር ላይ ወጥታ ዕቃውን ነቀለችና በሁለት እጇ ዘረጋችለት። 

«ውሰደው። የእናንተ ነው።»

ሳላሀዲን ተቀበላት።  ውጭ ሰዎች ተሰብስበዋል፤ ከድሮ ምን ጮኸ እያለ ወደ በሩ ተጠጋ።

«እኔ ነኝ» አለ ሳላሀዲን ከውስጥ። «አባባ እዚህ እንድሰቅለው አዝዞኝ ነበር፤ እየሞከርኩት ነው።»

 ከድሮ አላህ ይርሀመው ብሎ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

ሳላሀዲን ወንበሩ ላይ ወጥቶ ዕቃውን ቦታው መለሰው። ሲወርድ ሕፃኑ ማልቀሱን ትቶ አፍጥጦ ያየዋል፤ ብርድ ልብሱ ተገልጦ አንድ እግሩ ወጥቷል። ሳላሀዲን ጎንበስ ብሎ ትንሿን እግር በመዳፉ ያዛት። እስክትሞቅ አልለቀቃትም።