በኪሊያን ስም የተቀመጠው ራስ

«የአባትሽን ራስ ቀይረውብናል አሉ» ትላለች ማቲልዳ፣ ሾርባው ሲቀርብም ሲነሣም። ማን እንዳለ ግን አትናገርም። «ሠዓሊው ሩፐርት የአባትሽን ስም የጎረቤታችን የኮሎማን ራስ ላይ ጽፎታል አሉ።»

ልጇ ቡርጊ ወሬውን ሰምታ ሰምታ ሰልችቷታል። አሁን ግን እናቷ አልጋ ይዛለች፤ ሐኪሙም ሳምንት መሙላቷን ተጠራጥሯል። መቀበሪያዋ ደግሞ አልተወሰነም። በሐይቁ ዳር በምትገኘው የትውልድ መንደራቸው መቃብሩ ጠባብ ነው። ሟች ዐሥር ዓመት ያህል ዐፈር ውስጥ ቆይቶ ይወጣል፤ የራስ ቅሉ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰነብታል። ከዚያ ለወንድ ሐረግ፣ ለሴት ጽጌረዳ ይሣልበትና ስሙ ተጽፎበት ጸሎት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ከዘመዶቹ ጎን ይቀመጣል።

«ከባሌ ጎን መሆኔን ካላረጋገጥሽልኝ እዚሁ ከተማ ቅበሩኝ» አለች ማቲልዳ። «ከሰው ባል ጋር ትከሻ ለትከሻ ስቀመጥ ልኑር?»

«ትከሻ እንኳ አይኖርሽም፣ እማዬ።»

«አፍሽን ዝጊና ሂጂ!»

ሄደች። ባቡሩ ውስጥ ስትነሣ ስትቀመጥ፣ ጀልባው ላይ ሰዓቷን ስታይ መንደሩ ደረሰች። የመመለሻው ጀልባ የሚነሣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ጸሎት ቤቱ ውስጥ የእግር አጥንቱ እንደ ማገዶ ተከምሯል። በላዩ ከተደረደሩት ራሶች መካከል የአባቷ ስም «ኪሊያን» የተጻፈበትን አገኘች። አባቷን የጨው ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሲሠራ ድንጋይ መቶት ከግራ ቅንድቡ በላይ አጥንቱ ጎድጉዶ ነበር፤ በልጅነቷ ጣቷን እየከተተች ታስቀው ነበር። አሁን ቦታውን ሐረግ ሸፍኖታል። የጸጉር ሽቦዋን አውጥታ ቀለሙን መፋቅ ጀመረች።

«እጅሽን!» አለ ሩፐርት ከኋላዋ፣ ብሩሹን እንደያዘ። «የሟች ግንባር የድስት ቂጥ መሰለሽ?»

«ጋሼ ሩፐርት፣ አባቴ እዚህ ጋ ጎድጓዳ ቦታ ነበረው።»

«ስንት ዘመን አንዲት አበባ ሳታመጪ፣ ዛሬ ልትፍቂው መጣሽ?»

ጣቷ ቦታው ላይ ነበር፤ ግንባሩ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። የኮሎማን ራስ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። እጇን ስትዘረጋ የጀልባው ፊሽካ ጮኸ፤ ሮጠች።

«አየሽው?» አለች እናቷ ገና በሩ ሲከፈት።

«በእጄ ዳሰስኩት።»

«ጎድጓዳው አለ?»

«አለ።»

ማቲልዳ ዐይን ዐይኗን አየቻት፤ ቡርጊ ኮቷን ለማውለቅ ዞር አለች።

«እንግዲያው ውሰዱኝ።»

ሐሙስ ዕለት ማቲልዳ በመንደሯ ተቀበረች። ቀባሪው ሲበተን ቡርጊ መታገሥ አቅቷት ወደ ሩፐርት ሄደች።

«በእርስዎ ጥፋት የሞት አልጋ ላይ ያለች እናቴን ዋሸሁ! ያ ራስ የአባቴ አይደለም!»

ሩፐርት ባርኔጣውን አወለቀ።

«እኔ የምጽፈው ያመጡልኝ ራስ ላይ ነው፣ ልጄ። የአባትሽና የኮሎማን ራስ አጥሩ ላይ ጎን ለጎን ፀሐይ ሲሞቁ ሰነበቱ። አንዱን አንሥታ በሽርጧ አቅፋ ያመጣችልኝ እናትሽ ነች። ‹እርግጠኛ ነሽ?› ብላት፣ ‹የገዛ ባሌን ራስ ላጣው ነው?› ብላ ጮኸችብኝ።»